ከጣና ዳር ለሚቀርጹ፦ ጥሬ ተከታታይ ምስሎችን ወደ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ስለማስገባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ካሜራና ላፕቶፕ ይዘው ከሚሠሩ ወጣቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ፕሮግራሙ አልቀበል አለኝ» በሚል ይጀምራል። ላፕቶፑ ተከፍቶ ሲታይ ግን ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቁጥራቸው የተዘለለ ፋይሎች፣ ሁለት ቀረጻ የተደባለቀበት አቃፊ፣ ፍጥነቱ ሳይወሰን የገባ ምስል ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ስለ ፕሮግራሞች ቢያወሩም ደጋግመው ወደ አቃፊው ይመለሳሉ።

ጥሬ ተከታታይ ምስል ምንድን ነው? ከተራ ቪዲዮ በምን ይለያል?

ተራ ቪዲዮ አንድ ፋይል ነው፤ ምስሉም ድምፁም ተጨምቆ አንድ ላይ ታሽጓል። በተከታታይ ምስል ግን እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ፎቶ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ የ10 ሴኮንድ ትዕይንት 250 ፋይል ሆኖ አንድ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል። ማቀናበሪያው ፋይሎቹን በቁጥራቸው ተራ አሰልፎ እንደ አንድ ክሊፕ ያጫውታቸዋል።

«ጥሬ» የሚለውን ቃል ቡና አብቃዩ የዘጌ ሰው ቶሎ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ የተቆላ ቡና ነው፤ ካሜራው ቀለሙንና ንፅፅሩን በራሱ ወስኖ፣ ቀሪውን መረጃ ጥሎ ያስረክበናል። ጥሬ ምስል የካሜራው ሴንሰር የሰበሰበው ብርሃን እንዳለ የተቀመጠበት ነው፤ አቆላሉን የምንወስነው እኛ ነን። የተቆላ ቡና ወደ ጥሬነቱ አይመለስም፤ ጥሬውን የያዘ ሰው ግን ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ከርሞ ሌላ ዓይነት አድርጎ ሊቆላው ይችላል።

በእኛ አካባቢ ሁለት ዓይነቱ ይገኛል። አንደኛው በፎቶ ካሜራ በየተወሰነ ሴኮንድ ልዩነት የሚነሳው ታይምላፕስ ነው። ሁለተኛው ሲኒማ ዲኤንጂ ነው፤ አዶቤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ካወጣው ዲኤንጂ ከተባለው ክፍት የፎቶ ፎርማት የተወለደ ሲሆን፣ ሙሉ ተንቀሳቃሽ ምስልን ፍሬም በፍሬም ያስቀምጣል። በ2013 የወጣችው የመጀመሪያዋ የብላክማጂክ የኪስ ሲኒማ ካሜራና በ2019 የወጣችው ሲግማ ኤፍፒ በዚህ ፎርማት ይቀርጻሉ።

ፎቶዎቹን ሳስገባ አንድ ክሊፕ መሆናቸው ቀርቶ 700 የተለያዩ ፎቶዎች ሆኑብኝ። ለምን?

ፕሮግራሙ «እነዚህ የአንድ ቤተሰብ ናቸው» የሚል ምልክት ስላልተሰጠው ነው። ምልክቱ በየፕሮግራሙ የተለያየ ቦታ ይገኛል።

በዳቪንቺ ሪዞልቭ ፋይሎቹን ከዴስክቶፕ እየጎተቱ አይጣሉ። «ሚዲያ» የሚለውን ገጽ ከፍተው አቃፊውን እዚያው ያግኙት። ፋይሎቹ ከሚታዩበት ሳጥን ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ «ፍሬም ዲስፕሌይ ሞድ» የሚል ምርጫ ይመጣል። «ኢንዲቪጁዋል» ላይ ከሆነ እያንዳንዱን ፎቶ ለየብቻ ያሳያል፤ «ሲኩዌንስ» ላይ ሲያደርጉት ሁሉም ተጠቃልለው አንድ ክሊፕ ይሆናሉ።

በፕሪሚየር ፕሮ «ኢምፖርት» ብለው የመጀመሪያውን ፋይል ብቻ ይምረጡ። ሁሉንም መምረጥ ስሕተት ነው። ከዚያ «ኢሜጅ ሲኩዌንስ» በሚለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ያድርጉ። አፍተር ኢፌክትስም እንዲሁ ነው፤ ጥሬ ፎቶ ሲሆን የሳጥኑ ስም «ካሜራ ሮው ሲኩዌንስ» ይሆናል፤ ቀለም የሚስተካከልበት መስኮትም አብሮ ይከፈታል።

የአቃፊውና የፋይሉ ስም በአማርኛ ቢሆን ችግር አለው?

ዋናዎቹ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል። ፋይል የሚለውጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ግን አንዳንዴ የግዕዝ ፊደል ያለበትን አድራሻ ማንበብ ያቅታቸዋል። ለሥራ አቃፊ ቁጥርና የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ይጠቀሙ። የአማርኛውን ስም ለተጠናቀቀው ሥራ ያቆዩት።

ክሊፑን ሳጫውተው ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ እንደገና ሰማይ ላይ ታየች። ምን ተፈጠረ?

ይህ በራሴም ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልንገርዎ።

ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ካሜራዬን ወደ ምዕራብ አዙሬ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በየ5 ሴኮንዱ አንድ ፎቶ እንዲያነሳ አድርጌ ነበር። ከበታች ዓባይ፣ ከወዲያ የከተማው ዛፎች፣ ከዚያ ጣና። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሦስት እግሩ አጠገብ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ። 1,440 ፎቶ ሆነ፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲጫወት 57.6 ሴኮንድ ማለት ነው። ቤት ገብቼ ሳስገባው ክሊፑ ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷት ጀመረ፤ ጠለቀች፤ የከተማው መብራት በራ፤ ጨለመ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ደማቅ ከሰዓት በኋላ ሆነና ፀሐይዋ እንደገና ወደ ውኃው መውረድ ጀመረች።

ምክንያቱ የፋይሎቹ ቁጥር ነው። የፎቶ ካሜራዎች በአብዛኛው በአራት አሃዝ ይቆጥራሉ፤ 9999 ሲደርሱ ወደ 0001 ይመለሳሉ። የእኔ ቀረጻ ከ9281 ነበር የጀመረው። 719 ፎቶ ካነሳ በኋላ፣ ልክ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቆጣሪው ዞረ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ 0001ን ከ9281 አስቀደመ። ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ያንኑ አቃፊ ሁለት የተለያዩ ክሊፖች አድርገው ያሳያሉ፤ ያን ጊዜ ሰው «ግማሹ ጠፋብኝ» ይላል። አልጠፋም፤ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

መፍትሔው ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት አሰልፎ አዲስ ቁጥር መስጠት ነው። አዶቤ ብሪጅ የተባለው የፋይል ማደራጃ ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ፋይሎቹን በተነሱበት ጊዜ ደርድረው ሁሉንም ይምረጡና «ባች ሪኔም» በሚለው ትእዛዝ ከ0001 ጀምሮ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ይስጧቸው። እዚያው መስኮት ላይ «ወደ ሌላ አቃፊ ቅዳ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ይምረጡ። ዋናዎቹ ፋይሎች ካሜራው በሰጣቸው ስም እንዳሉ ይቆዩ፤ አዲስ ስም የሚወጣላቸው ቅጂዎቹ ናቸው።

አሃዞቹ እኩል መሆናቸውም ቁም ነገር ነው። 1፣ 2፣ 10 ተብለው የተሰየሙ ፋይሎችን በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም 10ን ከ2 ያስቀድማል። 0001፣ 0002፣ 0010 ሲባሉ ግን ተራው አይዛነፍም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ረጅም ቀረጻ ከመጀመሬ በፊት ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ አያለሁ። 9000ን ካለፈ ቁጥሩን ከካሜራው ምናሌ ላይ አስጀምረዋለሁ።

በየስንት ሴኮንዱ ላንሳ? ስንት ፎቶ ይበቃል?

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚፈልጉትን የክሊፕ ርዝመት በሴኮንድ በ25 ያባዙት። 20 ሴኮንድ ለማግኘት 500 ፎቶ ያስፈልጋል። በየ5 ሴኮንዱ ቢያነሱ አንድ ሰዓት 720 ፎቶ፣ ማለትም 28.8 ሴኮንድ ይሰጥዎታል።

ልዩነቱን የሚወስነው የሚቀረጸው ነገር ነው። ወደብ ላይ ለሚገቡና ለሚወጡ ጀልባዎች 2 ሴኮንድ፣ በሐይቁ ላይ ለሚሄድ የክረምት ደመና ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ እመርጣለሁ። ነፋስ እየገፋ ወደ ዳር የሚያመጣው የእምቦጭ ምንጣፍ ዝግ ያለ ነው፤ 15 ሴኮንድም አይበዛበትም። ጢስ ዓባይን ለመቅረጽ የሚሄድ ሰው በመስከረም ይሂድ፤ በበጋ ብዙው ውኃ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል። ጉሙ መስታወቱ ላይ ስለሚያርፍም በየደቂቃው መጥረግ ያስፈልጋል፤ በአንድ ፎቶ ላይ የማይታይ ጠብታ በ500 ፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ታንኳ ቀዛፊው በጣም ፈጠነ፤ ድምፁም ከምስሉ ጋር አልሄደም። ምን ላድርግ?

ፍጥነቱ ተሳስቷል። አንድ የቪዲዮ ፋይል በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ በውስጡ ተጽፎ ይመጣል። ተራ የፎቶዎች ስብስብ ግን ይህ መረጃ የለውም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በራሱ ልማድ ይገምታል። አፍተር ኢፌክትስ ካልተነገረው 30 ብሎ ይወስዳል። በ25 የተቀረጸ የ10 ሴኮንድ ቀዘፋ በ30 ሲጫወት በ8.3 ሴኮንድ ያልቃል፤ ቀዛፊውም የሚሮጥ ይመስላል። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ የባሰ ያሳስታል። በ25 የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ቃለ ምልልስ 15,000 ፍሬም ነው፤ በ24 ቢተረጎም 25 ሴኮንድ ይረዝማል። መጀመሪያ ላይ የተናጋሪው ከንፈርና ድምፅ የገጠሙ ይመስላሉ፤ መጨረሻ ላይ ግን ከንፈሩ ገና ጥያቄውን ሲሰማ ድምፁ መልሱን ጨርሷል።

በሪዞልቭ ከሁሉም በፊት «ፕሮጀክት ሴቲንግስ» ገብተው የታይምላይኑን ፍጥነት 25 ያድርጉ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ መለወጥ አይፈቅድም። ክሊፑ ራሱ ከተሳሳተ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ክሊፕ አትሪቢውትስ» ውስጥ ያርሙት። በፕሪሚየር ፕሮ «ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ሚዲያ» ውስጥ «ኢንዲተርሚኔት ሚዲያ ታይምቤዝ» የሚለውን አስቀድመው 25 ያድርጉ፤ የገባውን ደግሞ «ሞዲፋይ» ውስጥ ባለው «ኢንተርፕሪት ፉቴጅ» ያስተካክሉ። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ቦታው «ፕሪፈረንስስ» ሥር «ኢምፖርት» የሚለው ነው።

25ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገራችን የመብራት ኃይል በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ በሴኮንድ 25 ፍሬምና በ1/50 የመዝጊያ ፍጥነት ሲቀረጽ የቤት ውስጥ መብራት አያብለጨልጭም።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሲኒማ ዲኤንጂ ድምፁን ለብቻው በዌቭ ፋይል ነው የሚያስቀምጠው። አቃፊውን ሲቀዱ ያንን አንድ ፋይል እንዳይረሱት።

የኒኮንና የካኖን ጥሬ ፎቶዎቼ አይከፈቱም።

እያንዳንዱ የካሜራ አምራች የራሱ ጥሬ ፎርማት አለው፤ ማቀናበሪያዎቹ ሁሉንም አያነቡም። ለሪዞልቭ በነጻ በሚገኘው የአዶቤ ዲኤንጂ መለወጫ ወደ ዲኤንጂ ይለውጧቸው፤ ጥራት የሚቀንሰውን የመጨመቂያ ምርጫ ግን አይንኩ። ለፕሪሚየር ፕሮ ቲፍ ወደተባለው የፎቶ ፎርማት መለወጥ ይሻላል፤ ዳርክቴብል ወይም ሮውቴራፒ የተባሉት ፕሮግራሞች ይህን በነጻ ይሠራሉ። አፍተር ኢፌክትስ አብዛኞቹን በቀጥታ ይከፍታል።

በድሮ የካኖን ካሜራ ላይ ማጂክ ላንተርን የተባለውን ተጨማሪ ሶፍትዌር ጭነው ለሚቀርጹ፦ ኤምኤልቪ የሚባለው ፋይል አንድ ሆኖ ነው የሚመጣው። ኤምኤልቪ አፕ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መጀመሪያ ወደ ሲኒማ ዲኤንጂ ይፍቱት፤ ከዚያ ከላይ እንደተባለው ያስገቡት።

ቀለሙ ደብዛዛ ሆኖ ገባ። ተበላሽቷል ማለት ነው?

አልተበላሸም፤ ገና አልተቆላም። በሪዞልቭ «ከለር» ገጽ ላይ «ካሜራ ሮው» የሚለውን ይክፈቱ፤ «ዲኮድ ዩዚንግ» የሚለውን ወደ «ክሊፕ» ሲለውጡት የነጭ ሚዛኑና የብርሃኑ መጠን በእጅዎ ይገባሉ። ውኃው ላይ የፀሐይ ነጸብራቅ ነጭ ሆኖ ከጠፋ «ሃይላይት ሪከቨሪ» የሚለውን ይሞክሩ፤ ጥቂት የሚተርፍ ነገር አይጠፋም።

ነጭን ለማግኘት በእኛ አገር የነጠላን ያህል ጥሩ መለኪያ አላውቅም። በጥምቀት ዕለት በተቀረጸ ምስል ውስጥ ሁልጊዜ ነጠላ አለ። ጥላ ውስጥ የቆመን ሰው ነጠላ በትልቁ አቅርበው ይዩት፤ ወደ ሰማያዊ ካደላ ሙቀቱን ይጨምሩ፣ ቢጫ ከሆነ ይቀንሱ፤ የሽመናው ክር ነጭ ሆኖ ጥለቱ ግን የራሱን ቀለም እስኪይዝ ድረስ። ጥንቃቄ የሚያሻው በጧፍ ብርሃን ለተቀረጸ ምስል ነው። እዚያ ነጠላው በዓይንም ወርቃማ ነው፤ ፍጹም ነጭ ሲያደርጉት የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቀትር ይመስላል። እንደዚያ ባይደረግ እወዳለሁ።

ለታይምላፕስ አንድ ነገር ልጨምር። አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያደረጉት ማስተካከያ የራሱ የማስተካከያ ፋይል በሌለው ሌላ ፎቶ ሁሉ ላይ ይሠራል። ንጋትን ለቀረጸ ሰው ይህ ችግር ነው፤ ለጨለማው የተስተካከለው ብርሃን ፀሐይ ስትወጣ ሁሉንም ነጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎቶ ትተው ከመሐል አንዱን መለኪያ ያድርጉ፤ ወይም በየፎቶው ቀስ በቀስ የሚለወጥ ማስተካከያ አስቀድመው ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይሥሩ።

ታይምላፕሱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እየወሰነ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ የብርሃን መግቢያውን፣ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ አይኤስኦውን (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜት) እና የነጭ ሚዛኑን ሁሉንም በእጅ ይቆልፉ። የተቀረጸውን ለማዳን የሚከፈልበት የሪዞልቭ ስሪት «ዲፍሊከር» አለው፤ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ላፕቶፔ ይንቀራፈፋል። አዲስ መግዛት አለብኝ?

መጀመሪያ ዲስኩን ይመርምሩ። 1920 በ1080 የሆነ፣ በ12 ቢት የተቀረጸና ያልተጨመቀ አንድ ፍሬም 3.1 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ25 ሲባዛ በየሴኮንዱ 78 ሜጋባይት። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ እንኳ ከ60 ሜጋባይት አያልፍም። ስለዚህ የላፕቶፑ ጉልበት ምንም ያህል ቢሆን በዚያ ገመድ ምስሉ ያለ መቆራረጥ ሊያልፍ አይችልም። 3840 በ2160 ሲሆን ደግሞ በሴኮንድ 311 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ከ18 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ይህን የሚችለው ኤስኤስዲ እንጂ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አይደለም።

ኤስኤስዲ ለመግዛት አቅም ከሌለ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለማቀናበር የሚቀል ትንሽ ቅጂ፣ ይሥሩ። በሪዞልቭ ክሊፖቹን መርጠው በቀኝ ቁልፍ «ጄነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ» ይበሉና ማታ ትተውት ይተኙ። ቀን በትንሹ ቅጂ ያቀናብራሉ፤ ሲጨርሱ ፕሮግራሙ ከጥሬው ያወጣል። በዚህ መንገድ በአሮጌ ላፕቶፕ ሙሉ የሠርግ ፊልም የጨረሱ ልጆች አይቻለሁ። ነጻው ሪዞልቭ እስከ 3840 በ2160 ድረስ ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ፎቶዎቼ ከቪዲዮው ይበልጣሉ። ላሳንሳቸው?

አያሳንሷቸው፤ ትርፉ ሀብት ነው። 6000 በ4000 የሆነ ፎቶ በ3840 በ2160 ሥራ ላይ ከ1.5 ጊዜ በላይ ለማቅረብ ይበቃል። ከጣና ዳር የተቀረጸን ሰፊ ምስል ቀስ እያሉ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ማቅረብ ይችላሉ። በፕሪሚየር ፕሮ «ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ» ሳይሆን «ሴት ቱ ፍሬም ሳይዝ» የሚለውን ይምረጡ። የመጀመሪያው ትርፉን ምስል ይጥለዋል፤ ሁለተኛው ያቆየዋል።

መሐል ላይ የተበላሸ ፎቶ ቢኖር ላጥፋው?

አያጥፉት። ክፍተት ከተፈጠረ አንዱ ፕሮግራም ክሊፑን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሌላው በቦታው ባለ ቀለም መስመር ያሳያል። ከጎኑ ያለውን ፎቶ ቀድተው በተበላሸው ቁጥር ይሰይሙት፤ በ25 ፍሬም መካከል አንድ የተደገመ ፎቶ ዓይን አይለየውም።

ስቀዳ መብራት ጠፋ። ሁሉም መተላለፉን በምን አውቃለሁ?

ለዚህ ጥያቄ ነው ሁልጊዜ የምቸኩለው፤ ካርዱ ከተሰረዘ በኋላ መፍትሔ የለውምና። አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል መሐል ላይ ቢቋረጥ አይከፈትም፤ ወዲያው ይታወቃል። ከ1,440 ፎቶ 1,431ዱ ቢተላለፉ ግን አቃፊው ሙሉ ይመስላል። ስለዚህ በካርዱና በዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎች ብዛትና አጠቃላይ መጠን ያስተያዩ፤ የመጨረሻውን የተቀዳ ፋይል ከፍተው ይዩት፤ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ሪዞልቭ «ሚዲያ» ገጽ ላይ «ክሎን ቱል» የሚባል መሣሪያ አለው፤ የተቀዳው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ፋይል በፋይል ያረጋግጣል። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ቢሆንም የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ዲስክ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ለመስክ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስደውን ትንሹን ዲስክ ይምረጡ።

ሁለት ቅጂ በሁለት ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቤት እስኪቀመጥ ድረስ ካርዱን አይሰርዙት። ከዚያ በኋላ አቃፊውን ከቦታ ቦታ ካዛወሩትና ማቀናበሪያው ክሊፑን ቀይ ካደረገው አይደናገጡ፤ ክሊፑን መርጠው «ሪሊንክ» ይበሉና አዲሱን አቃፊ ያሳዩት።